ኤጊልስ ንጉሡን ሲያጋልጥ

ኤጊልስን መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሳቅሁበት። ሪጋ፣ መናፈሻው ውስጥ፣ ቼዝ የምንጫወትበት አግዳሚ ላይ ነበርን። ገና በሁለተኛው ተራ ንጉሡን የሚከልለውን ወታደር ሁለት ቤት ወደፊት ገፋው።

«ሰውዬ፣ ጤነኛ ነህ? ንጉሥህን ራቁቱን አስቀረኸው እኮ!»

«በአገራችን በላትቪያ ስም የሚጠራ የቼዝ መክፈቻ እያለ ሌላ ምን ልጫወት?» አለ ዓይኑ እየበራ።

«እንግዲያው ስሙን ይዘህ ተቀበር!»

በአስራ ስምንት ተራ አሸነፍኩት። ብታዩት ግን ያሸነፈው እሱ ነው የሚመስለው! እጄን ጨብጦ፣ «ያ ፈረስሽ እንዴት ያምራል!» አለኝ። እኔ ከተፋታሁ ወዲህ ምንም ነገር አልደፍርም፤ ቼዝ እንኳ በር ዘግቼ ነው የምጫወተው። ተሸንፎ እንዲህ የሚደሰት ወንድ አይቼ አላውቅም ነበር። እውነቱን ልናገር... ልቤ ደነገጠ።

ኤጊልስ ባሕር ዳር ባለችው ሊየፓያ ከተማ ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ እኔ ሪጋ የትራም ትኬት ቆራጭ። ስለዚህ እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ቼዝ ተጫዋቾች በፖስታ ካርድ ውድድር ገብተን ተጫወትን፤ በአንድ ካርድ አንድ ተራ። ከሥሩ ደግሞ ቃል ጣል ያደርጋል። «ዛሬ ባሕሩ ተቆጥቷል።» «ትናንት አንቺን ሳስብ ዳቦ አሳረርኩ።» ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ። ያንን እብድ መክፈቻ ከአስራ አንድ ሰው ጋር ባንዴ ይጫወታል፤ ይሸነፋል፤ ደግሞ ይጀምራል። ወይ ድፍረት! ቀናሁበት።

ከዚያ አንድ ሐሙስ ይህ ካርድ መጣ፦ «ከእንግዲህ ተስፋ የለውም። ቴምብር ከምናባክን ቢተዉት ይሻላል።»

ቢተዉት? ትናንት አንቺ ሲለኝ የነበረ ሰው ዛሬ እርስዎ? ካርዱን ቀደድኩት። እህቴ «ሄደሽ ጠይቂው» ብትለኝ፣ «ሞቼ ልገኝ!» አልኳት። ሦስት ሳምንት አለቀስኩ።

በአራተኛው ሳምንት ቴዎዶርስ ከሚባል የማላውቀው የጼሲስ ከተማ ሽማግሌ ፖስታ ደረሰኝ። ውስጡ የኤጊልስ ካርድ ነበር፦

«ቬልታዬ፣ ፈረሴን ከበላሽ ንግሥቴን አወጣለሁ። የፊታችን ቅዳሜ ሊየፓያ ከመጣሽ ደግሞ አገባሻለሁ። ጣቢያ እጠብቅሻለሁ።»

ሽማግሌው ከጎኑ ጽፈዋል፦ «ልጄ፣ ይህ ሰው የሁለታችንን ካርድ አምታቷል። ልጆቼ ዘንድ ሰንብቼ ገና ዛሬ አየሁት። አድራሻሽን ከውድድሩ ዝርዝር አገኘሁ። እኔ እንደሆንኩ ፈረሱንም አልበላም፣ እሱንም አላገባም!»

ሳቅም ለቅሶም ያዘኝ። ለካ ያ ቀዝቃዛ ካርድ ጨዋታውን እንዲተዉ ለእሳቸው የተጻፈ ነበር! ቅዳሜው ግን ካለፈ ሰንብቷል። ጣቢያ ቆሞ ጠብቆኛል፤ አልመጣሁም፤ እምቢ ያልኩት መስሎታል... ብሄድና ፊቱን ቢያዞርብኝስ? ሌሊቱን ሙሉ ይህን ሳስብ አድሬ፣ ጠዋት ባቡር ተሳፈርኩ።

ዳቦ ቤቱ ሰልፍ ነበረው። ሰልፉን ጥሼ ስገባ አንዲት ሴትዮ «እመቤት፣ ተራ አለ!» ብላ ጮኸችብኝ።

ኤጊልስ ቀና አለ። ከስቷል።

«ቬልታ? ሦስት ባቡር ጠበቅኩሽ እኮ...»

«ካርድህ ጼሲስ ነበር! የኔን ለሽማግሌ፣ የሽማግሌውን ለኔ ልከህ!»

ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«ለምን አልጻፍክልኝም ታዲያ?»

«ፈራሁ።»

«አንተ? መሸነፍ መች ትፈራለህ?»

«ቼዝማ ልሸነፍ። አንቺን ማጣት ግን...»

ሰልፉ ሁሉ ያየናል። እንዲህ ያለ ልብ ያለው ሰው ፊቴ ቆሞ ፈራሁ ሲል ስሰማ፣ የኔ ፍርሃት የት እንደገባ አላውቅም።

«እንግዲያው እኔ ልጠይቅህ» አልኩት። «ታገባኛለህ?»

ባንኮኒውን ዞሮ መጥቶ አቀፈኝ፤ ጥቁሩ ኮቴ ዱቄት በዱቄት ሆነ። ያቺ የጮኸችብኝ ሴትዮ በመሀረብ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት። በመጋቢት ተጋባን።