አክስሉን የምትይዘው ዘንግ

ሾፌሩ ሐብተ ማርያም መሪውን እንደጨበጠ ነው የሞተው። በ፲፱፻፵፰ ዓ.ም. ጥር፣ ከሳንጃ ሰሊጥ ጭኖ ወደ ጎንደር ሲወጣ፣ ማኪናው ከዳገቱ አጋማሽ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ገደል ገባ። መርማሪው መቶ አለቃ ሰጠኝ ሲደርስ ፍርዱ ቀድሞት ነበር፤ ዳኛው የሚባለው መካኒክ ከጎንደር ተይዞ መጥቶ፣ በሰንሰለት ታስሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«ጠይብ ነው! በዓይኑ በላብኝ! ይሰቀልልኝ!» ትላለች የሟች ሚስት ብርነሽ፣ ጨቅላዋን ታቅፋ።

«በዓይን ብረት አይሰበርም፣ እኅቴ» አለና ሰጠኝ ከተገለበጠው ማኪና ሥር ተንፏቆ ገባ። ሲወጣ የተበጠሰ ጠፍር ይዟል። «ዳኛው፣ ያቺ ከአክስሉ ጋር የተንጠለጠለችው ዘንግ ምንድን ናት?»

«እኔ የሠራኋት ናት። ዳገት ላይ ጭነት ሲጎተት የኋላ ጎማዎቹን የሚያገናኘው አክስል በተደራረቡት ብረቶች፣ በባሌስትራው ላይ ሊጠመዘዝ ይታገላል። እሷ ከማኪናው አጽም፣ ከሻንሲው ጋር ቀጥ አድርጋ ትይዘዋለች። ከሌለች አክስሉ አፍንጫውን ያነሳል፣ ከሞተሩ ኃይል የሚያመጣለት ካርዳን ይሰበራል፤ ስብሩ እየተወራጨ የፍሬኑን ቧንቧ ይቆርጣል።»

«ይኸው አመነ! ብረቱ ሰበረን!» አሉ የማኪናው ባለቤት አቶ ነጋ። ጋቢያቸው በእሾህ ተተልትሏል።

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ከኋላ፣ በእግሬ። ወደ ቁጥቋጦው ባልዘል አልቆልኝ ነበር።»

ረዳቱ በላቸው ጺሙ ሽበት ጀምሮታል። ሥራው ዳገት ላይ ታኮ አንግቶ ከማኪናው ኋላ መሄድ፣ ማኪናው ሲቆም እንጨቱን ከጎማው ሥር መወተፍ ነው።

«ምነው አያ በላቸው፣ ታኮውስ?»

«ወትፌ ነበር፤ ዘሎት አለፈ። እኔን ማርያም አወጣችኝ።»

«አቶ ነጋ፣ ሲወትፍ አይተውታል?»

«አቧራ ነው ያየሁ።»

ሰጠኝ ዳገቱን ብቻውን ወጣ። ሲመለስ ታኮውን በትከሻው አንግቶ ነበር። ሁሉንም ሰበሰባቸው።

«ዘንጓ አልተሰበረችም። ብሎኗ ተፈትቶ ነው፤ ቀዳዳው አልተተለተለም። የፈታት ሰው በሜዳው እንዳትንኳኳ በጠፍር አሰራት፤ ጠፍር ግን ዳገት አይችልም። ዳኛው ሳምንቱን ከጎንደር አልወጣም። ሳንጃ የነበሩት ሟች፣ አቶ ነጋና አያ በላቸው ናቸው። ማኪናው እንደሚንሸራተት ያወቀ ሰው ደግሞ ከኋላው አይሄድም፤ የአቶ ነጋ ጋቢ ይመስክር። ታኮውን የት አገኘሁት? የፍሬኑ ዘይት ከፈሰሰበት አርባ እርምጃ በላይ፤ ታኮውን የያዘው ሰው ከማኪናው ፊት ነበር ማለት ነው። ማንገቻውም አዲስ ገመድ ነው። አያ በላቸው፣ የድሮው ጠፍርህ ይኸ አይደለም?»

በላቸው ጠፍሩን አየ። አልካደም።

«ሰባት ዓመት» አለ። «ሐብተ ማርያም መሪ አስይዝሃለሁ እያለ ሰባት ዓመት ታኮ አሸከመኝ። ትናንት ሳንጃ ላይ ብለምነው ‹አንተ ከኋላ ነው የሚያምርብህ› ብሎ ሰው አሳቀብኝ። አንድ ቀን እንኳ ከፊት ልሂድ አልሁ።»

ሰንሰለቱ ከዳኛው እጅ ወጥቶ በበላቸው እጅ ገባ።

«በል እንግዲህ» አሉ አቶ ነጋ ዳኛውን፣ «ሌላ ብሎን ፈልግ። ማኪናው ከገደል ይውጣ፣ ሰሊጡ ተበትኗል።»

«ማን ሊነዳው ነው፣ ጌታዬ?»

«ጠይብ ደግሞ አፍ አወጣ!»

ዳኛው የእጁን ሰንበር እያሻሸ ወደ ጎንደር አቀና። በብርነሽ አጠገብ ሲደርስ አንገቱን ደፍቶ «እግዜር ያጽናሽ» አላት።

ብርነሽ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ የልጇን ፊት ከዳኛው ዓይን ሸፈነች።