የማይከፈተው ፋይል

ሐጂ ሙርሳል ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ሞቷል» አለ። «እዚሁ ፊቴ ሥራው። ከዓይኔ አይርቅም።»

«ችግር የለም ሐጂ።» አበጀ ብሩሹን አንስቶ የማራገቢያውን አቧራ መጥረግ ጀመረ።

ለዚህች ቅጽበት ሰባት ወር ጠብቋል። አሶሳ ገበያ ዳር የከፈታት የኮምፒውተር ጥገና ቤት ሽፋን ናት፤ አበጀ የሚለው ስምም እንደዚያው። የላከው የደህንነት ማዕከል የሚያውቀው «ቀንበር» ብሎ ነው። ሙርሳል ከእህል መጋዘኑ ጀርባ ከድንበር የሚገባ ጥይት ይነግዳል፤ የደንበኞቹ ዝርዝር ያለው እዚህ ማሽን ውስጥ ነው።

ማሽኑን ያሳመመችው የሙርሳል ጸሐፊ ሰዕዲያ ነበረች። ያ ጥይት ወንድሟን በልቶባታል። አበጀ እንደመከራት ዲስኩን በፊልም ጠቀጠቀችው፤ ገና ሲበራ ሳይጠሩ የሚነሱ አሥራ አንድ ፕሮግራሞችም ጫነችበት። ማሽኑ ተንቀራፈፈ። ከዚያ ደርቆ ቀረ።

አበጀ ፍላሹን ሰካ። «ቫይረስ ልፈትሽ።»

ፊልሞቹን እየሰረዘ ዝርዝሩን ወደ ፍላሹ ገለበጠ።

«ቶሎ በል» አለ ሙርሳል። «ትናንት በኢሜይል ወረቀት መጣ። አልከፈተም፣ ቀጥ አለ። እኔ ስልክ ላይ ስም አልሰማም፣ ወረቀት ብቻ። ወላሂ፣ እሱን ነው የምፈልግ።»

አበጀ ፋይሉን አገኘው። የላፕቶፑ ማያ ገጽ የዞረው ወደ እሱ ነበር። ከፈተው።

የራሱ ሪፖርት ነበር።

«ምንጫችን የሙርሳል ጸሐፊ ሰዕዲያ ናት» ይላል፤ የራሱ ቃል። ከሥሩ ሌላ እጅ ጨምሮበታል፦ «ይህን የጻፈው የጥገና ቤቱ አበጀ ነው።»

የምንጭ ስም መጻፍ ክልክል ነው። «አንድ ነገር ቢመጣ እንዳወጣት ስሟን ስጠኝ» ብላ ያስጻፈችው ሸዋሉል ናት፤ የመለመለችው፣ ሥራውን ያስተማረችው አለቃው። ከተማው በቢሮ ሠራተኛነት ያውቃታል፤ ማዕከል «ዋርካ» ይላታል። ሪፖርቱ ከእሷ እጅ ወደ ማዕከል ያልፋል። ምናልባት እዚያ ሌላ ከሃዲ ይኖር ይሆን? ኖሮ በሆነ ብሎ ተመኘ።

ፋይሉን አጠፋው።

«ሐጂ፣ ይሄ ተበላሽቷል። ላኪው እንደገና ይላክልዎ።»

ሙርሳል ስልኩን አወጣ። «ወረቀቱ ተበላሸ። እንደገና ላክ» አለ። አበጀ ላኪው ወንድ ነው ብሎ እፎይ አለ። ሙርሳል ግን ሴቱንም ወንዱንም «ላክ» ብሎ ነው የሚያዘው።

«እሺ ሐጂ። ግማሽ ሰዓት ይስጡኝ» አለ ከስልኩ የወጣው ድምፅ።

የሸዋሉል ድምፅ።

በየሐሙሱ «አይዞህ፣ እኔ አለሁልህ» የሚለው ድምፅ።

ቦታ አጥቶ ሳይጫን የከረመውን የዊንዶውስ ማሻሻያ አስጀመረ። ማያው ላይ ነጭ ቁጥር ወጣ። ሦስት በመቶ።

«ሐጂ፣ ይሄ ሳያልቅ ቢነካ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። እኔ ለፕሮሰሰሩ ቅባት ገዝቼ ልምጣ።»

«ፍጠን።»

ወጣ። አልሮጠም። ጥግ ሲዞር ለክፉ ቀን በተሰጠው ቁጥር ደወለ።

«ቀንበር ነኝ። ዋርካ ሸጣናለች። ዝርዝሩ እጄ ላይ ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«በጆሮዬ ሰማኋት።»

«ሰዎቻችን ባምባሲ ናቸው። አርባ ደቂቃ። ሙርሳልን እንዳታጣው።»

ሰዕዲያ መጋዘኑ በር ላይ ነበረች።

«ባጃጅ አቁሜልሻለሁ። አሁኑኑ ሂጂ።»

«ሐጂ አወቀ?»

«ገና ነው። ሊያውቅ ነው።»

«ማን ነገረው?»

መዋሸት ይችል ነበር። ሥራው ውሸት ነው።

«ሌላ ሰው ነው የሸጠሽ። ስምሽን የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ።»

አተኩራ አየችው። «ስም አይጻፍም አልክ። ማልክ።»

«አለቃዬን አምኜ ነው።»

«እኔም አንተን አምኜ ነው» አለች። ባጃጁ ውስጥ ገባች። ዞራ አላየችውም።

ካልተመለሰ ሙርሳል ይነቃል፤ ከነቃ ባጃጁ ሩቅ አይሄድም። ተመለሰ።

ስልሳ አንድ በመቶ።

ሙርሳል መቁጠሪያውን ያንከባልላል። አበጀ ዊንጮቹን አንድ በአንድ ያጠብቃል።

ዘጠና። መቶ።

«ተነሳ!» አለ ሙርሳል ፊቱ በርቶ። ላፕቶፑን ወደ ራሱ አዞረ። ኢሜይሉን ከፈተ። ከንፈሩ እያነበበ ተንቀሳቀሰ።

ቆመ።

«አበጀ» አለ በቀስታ።

እጁ ከኮቱ ሥር ገባ።

አበጀ ጠረጴዛውን ገለበጠበት። ጥይቱ የጣሪያውን ቆርቆሮ በሳ። ውጭ ጎማ አቧራ ላይ ተንሸራተተ፤ በሩ በማዕከል ሰዎች ሞላ።

ሸዋሉልን ከቢሮዋ አመጧት። በመኪናው መስኮት እናቱ ባወጣችለት ስም ጠራችው። አሶሳ ውስጥ ያንን ስም የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። እንዳልሰማ አለፈ።

በማግስቱ ከማዕከል ተደወለለት።

«ዝርዝሩ ሙሉ ነው። አሥራ ዘጠኝ ሰው ይዘናል። ጥሩ ሠርተሃል።»

«ሰዕዲያስ?»

«በሰላም ደርሳለች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።»

«ምን?»

«የት እንዳለች ላንተ እንዳይነገር።»

መናኸሪያው ውስጥ የአውቶብሱ ረዳት የተሳፋሪ ስም ይመዘግብ ነበር።

«ስም?»

«ደባልቄ» አለ፣ እናቱ ያወጣችለትን ስም። ከኋላ ባዶ ወንበር ፈልጎ በሰው መሀል ተቀመጠ።