በሰም ውስጥ የተጋደመችው ቁራጭ

«ቆይ እንጂ፣ የሚጠላኝ አባትሽ ደህና ነህ ይለኛል፤ የምትወጂኝ አንቺ ደግሞ ካንሰር ትሰጪኛለሽ?»

ቃሉ ከጉሮሮው እየተንኮሻኮሸ ነው የወጣው። በመናኸሪያው ድምፅ ማጉያ አውቶቡሶችን የሚጠራ፣ ሰው ሁሉ «ማይኩ» የሚለው ወጣት እንዲህ ሲያወራ መስማት አንጀት ይበላል። እሷ ግን ፍንክች አላለችም።

«አልሰጠሁህም። ሊኖርብህ ይችላል ነው ያልኩት።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«እሱን ነው የማጣራው። እስከዚያ ብትፈልግ ተኳርፈን እንቆይ።»

የተዋወቁትም በጠብ ነበር። በተሳሳተ በር ጠርቶ አውቶቡስ ስላመለጣት ደረጃውን ወጥታ ክፍሉ ድረስ ሄዳ ጮኸችበት። እሱ ድምፅ ማጉያውን ሳያጠፋ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ ይቅርታ ጠየቃት። ከዚያ በኋላ ሆን ብላ የምታረፍድባቸው ቀናት በዙ።

አባቷ አልወደዱትም። የሆስፒታሉ የፓቶሎጂ፣ ማለትም የሥጋ ናሙና ምርመራ፣ ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ እሷም እሳቸው ሥር የምትሠራ ወጣት ሐኪም ናት። «ያ የመናኸሪያ ጯሂ» ነበር የሚሉት። ድምፁ ሻክሮ አልሻል ሲለው ከጉሮሮው ለምርመራ የተወሰደችው የሥጋ ቁራጭ እሳቸው ጋ ስትደርስ ግን እንደ ማንኛውም ሰው ሥጋ በጥንቃቄ አይተው «ከመጮህ የመጣ ቁስለት ነው» ብለው ፈረሙ። ክፋት አልነበረበትም። ቁስለት ከሆነ ግን ዝም ሲል መዳን ነበረበት። ዝም አለ፣ መድኃኒቱንም ጨረሰ፤ ጭራሽ ባሰበት።

ላቦራቶሪ ገብታ፣ ቁራጯ በስሱ እንድትቆረጥ የተቀበረችበትን ሰም አወጣች። ወደ መብራቱ አንስታ ስታየው ደሟ ፈላ። ከሽንብራ የምታንሰው ሥጋ ቆማ መቀበር ሲገባት ተጋድማለች። ስለዚህ ምላጩ የላጠው የቆሰለውን ላይ ላዩን ብቻ ነበር፤ ከሥር ያለውን አባቷም ሆኑ ሌላ ሰው አላዩትም።

ሰሙን አቀለጠች። ቁራጯን በወረንጦ አቁማ እንደገና ቀበረቻት፣ በስሱ ቆረጠቻት፣ ቀለም አስነካቻትና ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰች።

ከቁስለቱ ሥር ረዣዥም ሕዋሶች በነዶ በነዶ ሆነው ይተላለፋሉ። ብዙዎቹ እየተከፈሉ፣ እየተባዙ ነበር። ሳርኮማ ነው፤ ከጡንቻና ከመሰል ለስላሳ ሥጋ የሚነሳ፣ ጉሮሮ ላይ እምብዛም የማይገኝ ካንሰር። ተሳስተሻል በለኝ ብላ ቁራጯ ያረፈችበትን መስታወት ለመነችው። ከዚያ ፊቷን ታጥባ አባቷ ቢሮ ገባች።

«የወደድሽውን ሰው ናሙና አንቺ ማየት የለብሽም» አሏት።

«ለዚህ ነዋ አንተ የምታየው፣ አባዬ!»

ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ የሚያይበት ማይክሮስኮፕ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ። አባቷ መስታወቱን ወዲያ ወዲህ አንሸራተቱ፤ አንድ ቦታ ላይ እጃቸው ቆመ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ሌላ ቀለም ሞክረን እንየው» አሉ ቀስ ብለው።

«ካንሰር እስኪነጋ አይጠብቅም። ቀለሙ አሁኑኑ ይጀመር።»

ተጀመረ። የጡንቻ ሕዋስን ለይቶ የሚያቀልመው ፈሳሽ ነዶውን ሁሉ ቡናማ አደረገው፤ ሳርኮማነቱ ተረጋገጠ። አባቷ መስታወቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት።

«ልክ ነሽ» አሉ። «የፈረምኩትን ራሴ እሰርዛለሁ። ለልጁም እኔ እነግረዋለሁ።»

«አይሆንም። እኔው ነኝ የምነግረው።»

ነገረችው። ማይኩ ግድግዳውን ተደግፎ ሰማት።

«ተሰራጭቷል?»

«በተነሳኸው ምስል አልተሰራጨም። ካለበት ተቆርጦ ይወጣል። ድምፅህ ግን እንደ ድሮው አይሆንም።»

ዓይን ዓይኗን አያት። እሷም ዓይኗን አላሸሸችም።

«ይቁረጡታ!» አለ። «ካንሰሩ ድምፄን ይውሰድ። እኔን ግን አይወስደኝም፤ እንዋጋለን።»

ድምፁ ጨርሶ እንዳይጠፋ እሷ ከቀዶ ሐኪሞቹ ጋር ብዙ ተሟገተች። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ትንፍሽ እንዳይል ተከለከለ። መናገር የተፈቀደለት ዕለት እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ አባቷም መጥተው በሩ አጠገብ ቆመዋል። ማይኩ እሳቸውን ቀና ብሎ አየና ጉሮሮውን እያመመው አፉን ከፈተ።

«ዶክተር... ልጅዎን...»

«እሳቸውን ነው የምትጠይቀው?» ቱግ አለች። «ስንት ተሟግቼ ያስተረፍኩትን ድምፅ አባቴ ላይ ልታባክነው? እኔን ጠይቀኝ!»

አባቷ ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ማይኩ ወደ እሷ ዞረ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ምንም አልወጣም። እንደገና ሞከረ፤ አሁንም የለም። እጁን ያዘችው እንጂ ቃሉን ከአፉ አልነጠቀችም። ጠበቀችው።

«ታገቢኛለሽ?»

ሻካራ ነው፣ ዝቅ ያለ ነው፤ ድሮ የምታውቀው ድምፅ አይደለም። ወደደችው።

«አገባሃለሁ» አለች እንባዋን እየጠረገች። «በል አሁን ዝም በል፣ ሐኪሙ ብዙ አትናገር ብሎሃል።»

«ዝም አልልም» አለ።