ባዶው ክኒን

የሻው ከእንፍራንዝ ወደ ጎንደር በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ራሱን እናቱ ትከሻ ላይ እንዳሳረፈ ሞተ። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። እናቱ እማማ ሽታዬ እንቅልፍ የወሰደው መስሏቸው እንዳይበርደው ነጠላ ደርበውለት ነበር። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ፖሊስ ጣቢያ እየመጡ «የልጄን ገዳይ ስጡኝ» ይላሉ።

ልጁ ሲፈጠር ልቡ ውስጥ አንድ ትርፍ የኤሌክትሪክ መንገድ ነበረው፤ በዚያ የተነሳ ልቡ ሳይታሰብ ይጋልባል። ዶክተር ፊልጶስ በክሊኒኩ ለዚህ ሕመም መድኃኒት ይሞክራል፤ የሻውም ከተመዘገቡት አንዱ ነበር። ከታማሚዎቹ ግማሹ እውነተኛውን ክኒን፣ ግማሹ ምንም የሌለበትን ባዶ ክኒን ይወስዳል። ለማን የትኛው እንደደረሰ የታሸገ ፖስታ ውስጥ ነው እንጂ ሐኪሙም አያውቀው።

ከየሻው ጠርሙስ የተገኘው ግን ከሁለቱም አልነበረም፤ ዲጎክሲን የሚባል መድኃኒት ነው። ለደከመ ልብ ደግ ነው፤ ትርፍ መንገድ ላለበት ልብ ግን ያንኑ መንገድ ይበረግድና እስኪዝል ያስጋልበዋል። ጠርሙሱን የሰጠችው ነርስ ማስተዋል ናትና እሷ ታሰረች። የአራት ወር ጨቅላ ቤት ጥላ ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ወተቷ ሸሚዟን አርሶት ሲያዩት አንጀት ይበላል።

ነገሩን የያዘችው ኢንስፔክተር እንኳየሁ ለማሰር የምትቸኩል ሴት አይደለችም። ፊልጶስን ጠየቀችው። ማስተዋል መድኃኒቱን ለሌላ ሰው አውጥታ በሌላ ተክታዋለች ብሎ ድርቅ አለ። ሰውዬው ፈርቷል፤ ሙከራው ከተዘጋ የአምስት ዓመት ልፋቱ አፈር ሊበላ ነው።

ማስተዋል በቀን ሁለት ሁለት የሚዋጥ ስድሳ ክኒን እንደሰጠች፣ በየቀጠሮው የቀረውን እንደምትቆጥር ተናገረች። ጠርሙሱ ውስጥ ሃያ ሁለት ተገኝቷል፤ ልክ መቅረት ያለበት ያህል።

«መልካቸውስ?»

«የእኛዎቹ ልሙጥ ናቸው። እነዚህ መሃላቸው ላይ ሰንበር አላቸው። እኔ ብሆን ይኼን እስታለሁ?»

እንኳየሁ እንፍራንዝ ወረደች። የለቅሶው ድንኳን ውስጥ አባትየው አያ አስናቀው እግራቸው አብጦ፣ ጫማ አልገባ ብሏቸው በሸበጥ ተቀምጠዋል። ትንፋሽም ያጥራቸዋል።

«አያ፣ መድኃኒት የለዎትም?»

«ነበረኝ። ያሥር ዓመት የልብ ሕመምተኛ ነኝ። ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው፣ ሽታዬ አለቀ አለችኝ። ምነው ጠየቅሽኝ ልጄ?»

ጎረቤቶች ደግሞ የሻው ክኒን መዋጥ እንደ ሞት ይጠላ እንደነበረ፣ እናቱ በእንጀራ ጠቅልለው ያጎርሱት እንደነበር ነገሯት። እማማ ሽታዬ ሲያለቅሱ የነጠላቸውን ቋጠሮ ጨብጠው ነበር።

በማግስቱ ሁሉንም ፊልጶስ ቢሮ ሰበሰበች። ማስተዋል ከነካቴናዋ መጣች።

«ጠርሙሱን የሞላው ሰው ክኒኑ እንደሚቆጠር ያውቃል፤ መልኩ እንደሚለይ ግን አያውቅም» አለች እንኳየሁ። «ስለዚህ ማስተዋል አይደለችም። የሻው ራሱም አይደለም፤ ክኒኑን ሳያየው ነው የሚጎርሰው። ዲጎክሲን ደግሞ ከሩቅ አልመጣም። አያ አስናቀው የሚወስዱት እሱን ነው፤ ጤና ጣቢያው የሰጣቸው የሁለት ወር ነው፤ በአንድ ወሩ አለቀ ተባሉ። እማማ፣ ያ ቋጠሮ ምንድን ነው?»

እማማ ሽታዬ አልዋሹም። ቋጠሮውን ፈቱት፤ ሠላሳ ሁለት ልሙጥ ክኒኖች ጭናቸው ላይ ፈሰሱ። መድኃኒት መጣል ነውር ነው ብለው አስቀምጠውት ኖሯል። ግማሹ ባዶ እንደሚሰጠው ወረፋ ላይ ሰምተዋል። የሻው ሁለት ሳምንት ደህና ሰንብቶ ነበር፤ እሳቸው ያሻለው የቁስቋም ጸበል ነው አሉ። ከዚያ አንድ ቀን ልቡ ጋለበ።

«ባዶው ነው የደረሰው አልሁ» አሉ። «ያባቱን ልብ ያኖረ መድኃኒት የልጁን ምነው አያኖር አልሁ።»

አያ አስናቀው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

«ዶክተር፣ ያንን ፖስታ ክፈትልኝ። ባዶው ነበር?» አሉ እማማ ሽታዬ።

ፊልጶስ ቀዶ አነበበና እንኳየሁን አያት። እዚህ ላይ እንኳን ፖሊስ ቄስም የሚለው የለው።

«እውነተኛው ነበር» አለ።

«እንግዲያ ያን ሁለት ሳምንት እየዳነልኝ ነበር።» ክኒኖቹን አንድ በአንድ ለቅመው መልሰው ቋጠሩ። «በይ ልጄ፣ ገዳዩን አግኝተሻል» ብለው ሁለት እጃቸውን ለእንኳየሁ ዘረጉ።

እንኳየሁ ካቴናውን ከማስተዋል እጅ ፈታችው፤ የተዘረጉትን እጆች ግን ማየት አቃታት። ማስተዋል ወደ ጨቅላዋ ለመሮጥ በሩ ድረስ ሄደች። ከዚያ ተመልሳ እማማ ሽታዬ አጠገብ ተቀመጠች።