ባለካባው ሲደክመው

ማስታወቂያው የጌም ቤቱ በር ላይ በአራት ሚስማር ተመትቷል፦ «ለክቡራን ተጫዋቾች በሙሉ፤ አዲሱ ባለካባው ይቆይ ወይስ ይመለስ በሚለው አጀንዳ ላይ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አስቸኳይ ጠቅላላ ጉባኤ ስለሚካሄድ በሰዓቱ እንድትገኙ በጥብቅ እናሳስባለን።» ጋሽ ታደለ ጂንካ ላይ ጌም ቤት ከመክፈታቸው በፊት የወረዳ ጸሐፊ ነበሩ። ሰው ከሦስት ከበለጠ ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ።

ጠቅላላ ጉባኤው ዘጠኝ ሰው ሆኖ በርጩማ ላይ ተሰየመ።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ባለካባው በስድስት ተከታታይ የጌም ክፍሎች አብሯቸው ያደገ ባለሰይፍ ጀግና ነው፤ አርባ ሰው ጥሎ ካባውን አራግፎ ይሄዳል። አሁን ሠሪዎቹ ከዜሮ ጀመሩት። ካባ የለም። ጀግናው ገና ልጅ እግር ነው፤ ሦስት ሰው ከገጠመ ያለከልካል። ዲስኩ ከአርባ ምንጭ ለሙከራ የመጣ በመሆኑ ካልተወደደ ሰኞ በሚኒባስ ይመለሳል።

ሰምሃል እንዲመለስ አትፈልግም። ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ በጉባኤው ብቸኛዋ ሴት። በአዲሱ ጌም ጀግናው ሣር ውስጥ ሲሄድ ሣሩ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። የተመታ ጠላት ሲወድቅ ጓደኛው ሰይፉን ጥሎ ሊያነሣው ይሮጣል። በስድስቱ ክፍሎች ማንም ማንንም አንሥቶ አያውቅም። መጀመሪያ ያየች ቀን መምታቱን ረስታ ቆማ አየች፤ ተገደለችም።

ሌላም የምታውቀው ነበር። ስድስቱንም ክፍል የተረጎመላቸው የአሥራ አንደኛ ክፍሉ ዳጊ ነው። ባለካባው የሚዞረው የወንድሙን ደም ሊመልስ እንደሆነ የነገራቸው እሱ ነው፤ ንጉሡን እንደ ወይጦ መስመር የሚኒባስ ረዳት ሲያስጮኸው ቤቱ በሙሉ ጸጥ ብሎ ይሰማል። አዲሱ ግን ከሥር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለው። የሰምሃል አባት ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ያስተምራሉ፤ እሷም ታነባለች። ወንድም የሚባል የለም። ወደ ድሮዎቹ ተመልሳ በጥሞና ሰማች። እዚያም አልነበረም። ዳጊ ከየት እንዳመጣው ስታስብ ይበልጥ አደነቀችው።

መጀመሪያ ዳጊ ተናገረ። «ታሪኩን ገደሉት» አለ። «ወንድሙስ የት ገባ?»

ጉባኤው አጉረመረመ። እንግሊዝኛ ሁለት ጊዜ የወደቀው የአብሥራ ተነሥቶ፣ የአዲሱ ንግግር እንደማይጥም፣ የድሮው የቃላት አመራረጥ ግን ሌላ እንደነበር አስረዳ። ሌሎቹም የቃላት አመራረጡን ደገፉ።

የሰምሃል ተራ ደረሰ። ዳጊን ለማጋለጥ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃት ነበር። ዳጊ አላያትም፤ አለማየቱ ግን ያስታውቅበታል።

«ሲደክመው ደስ ይለኛል» አለች። «አይዞህ ማለት ያሰኘኛል።»

«ለአይዞህማ ቀይ መስቀል ግቢ» አለ የአብሥራ። ሳቁ። እጅ ተቆጠረ፤ ስምንት ለአንድ፣ ይመለስ።

ጋሽ ታደለ ቃለ ጉባኤውን ከመፈረማቸው በፊት፣ ለሥርዓቱ ያህል አንዴ እንየው አሉ። ጆይስቲኩን ዳጊ ያዘ። ሊነቅፍ የተቀመጠ አይመስልም ነበር፤ ሩብ ሰዓት ሙሉ ዓይኑን አልነቀለም። ጀግናው እያለከለከ ወንዝ ዳር ደረሰ። ጀልባ ላይ የተቀመጠች አሮጊት የሆነ ነገር ጠየቀችው። ከሥር ሁለት መልስ ተጻፈ፤ አንዱን መምረጥ ነበረበት። ጥግ ላይ ሰዓት ወደ ታች መቁጠር ጀመረ። ሠላሳ፣ ሃያ ዘጠኝ።

ዳጊ ለመተርጎም አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። የቃላት አመራረጥ ተቺዎቹ ጣሪያውን አዩ። የአብሥራ የጫማውን ክር ሊያስር አጎነበሰ፤ ያደረገው ነጠላ ጫማ ነበር።

«ሰሜ» አለ ዳጊ ዞር ሳይል፣ ሁሉም በሰማው ድምፅ። «ምን ይላል?»

ጋሽ ታደለ እስክሪብቶአቸውን ከወረቀቱ ላይ አነሡ።

አሥራ አምስት፣ አሥራ አራት። ሰምሃል በርጩማዋን ይዛ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። ከዚያም ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ፣ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ አነበበችለት፤ ጮክ ብሎ የሚነግራቸው እሱ እንዲሆን።