ተገፍተው የሚገቡት ፊቲንጎች

«እጅሽን አንሺ አልኩሽ! ጭራሮ፣ አትሰሚም?»

ልጅቷ እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳች፤ ዓይኗን ግን አላነሳችም። ታላቅ ወንድሟ ጭራሮ የሚላት ቀጭን ስለሆነች ነው። እሷም በሆዷ ኢንጂነሩ ትለዋለች። ስሙን የሰፈሩ ልጆች ሲያሾፉበት ነው ያወጡለት፤ እሱ ግን የምር መስሎት ይኮራበታል።

ኮምፒውተሩ የአንድ ፎቶ አንሺ ነው፤ ወንድሟ ኮምፒውተር መገጣጠም ሲጀምር ያገኘው የመጀመሪያ ደንበኛ። ቪዲዮ ሲያቀናብሩበት እንዳይግል በውሃ እንዲቀዘቅዝ ተደርጎ ተሠርቷል። ውሃው መስታወት በሚመስሉ ጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦዎች ውስጥ እየዞረ ሙቀቱን ይወስዳል። ቱቦዎቹን ያጠፈችው እሷ ናት። የወንድሟ እጅ ይቸኩላል፤ ቱቦው ለስልሶ እንዲታጠፍ የሚነፉበትን ሙቅ አየር ሲያበዛው ፕላስቲኩ አረፋ ያወጣል፣ ሲያሳንሰው ይሰነጠቃል። እሷ የጎማ ገመድ ውስጡ ከትታ፣ ቀስ እያለች እያሽከረከረች፣ አንድ ቦታ ሳይጨማደድባት አጠፈችው። ደንበኛው መጥቶ «ማነው እንዲህ አሳምሮ ያጠፈው?» ሲል ወንድሟ ደረቱን ነፍቶ «እኔ ነኛ!» አለ። እሷ እዚያው ቆማ ነበር።

ጠባቸው ግን ከዚያ በፊት፣ ፊቲንግ ሲመረጥ ነው የጀመረው። ፊቲንግ ማለት ቱቦውን ከዕቃዎቹ ጋር የሚያገናኘው ብረት ነው። ዕቃ የገዙበት ሱቅ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው ቱቦው ተገፍቶ ይገባበትና ውስጡ ባለች ቀጭን ጎማ ብቻ ይያዛል። ሌላው ላዩ ላይ በእጅ የሚጠብቅ ቆብ አለው፤ ቆቡን ካልፈቱት ቱቦው አይወጣም። እሷ ባለ ቆቡን መረጠች። እሱ የመጀመሪያውን አንስቶ ብርሃን ላይ አገላበጠው።

«የሚያምረው ይሄ ነው። ያኛው የሽንት ቤት ቧንቧ ነው የሚመስለው።»

«ቢነቀነቅ ይወልቃል እኮ!»

«ኮምፒውተር ምን ያነቀንቀዋል? እስክስታ ይወርዳል? አቦ ፋራ አትሁኚ!»

ሻጩ ከት ብሎ ሳቀ። እሷ ፊቷ ጋለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንድሟን ጠልታዋለች። እህትና ወንድም ይኮራረፋሉ እንጂ አይጠላሉም የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እሱን ስለማያውቁት ነው።

ዛሬ ውሃው ተሞልቶ ፓምፑ ሲዞር ዋለ። ማፍሰስ አለማፍሰሱን ለማየት ከሥር የተነጠፈውን ሶፍት አንዲት ጠብታ አልነካችውም። ወንድሟ ደረቁን ሶፍት አፍንጫዋ ሥር እያውለበለበ «በይ ጭመቂው!» አላት። ከዚያ ካርቶን ሊያመጣ ወጣ።

ሊረከብ የመጣው ፎቶ አንሺ መስኮቱ ጋ ቆሞ በስልክ ያወራል። «አዎ፣ አሁን ተረክበን በዚያው ወደ ሥራው እንወጣለን። ቆሞ አይገባም፣ መኪናው ውስጥ እናጋድመዋለን። መንገዱማ ኮረኮንች ነው፣ ምን ይደረግ?»

ልጅቷ የላይኛውን ቱቦ አየች። እሱ ከወለቀ ውሃው በቀጥታ ምስሉን በሚያቀናብረው ውድ ዕቃ፣ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ይወርዳል። ሰውየው ዕቃውን ያጣል። ወንድሟ ደግሞ ሁለተኛ ደንበኛ የሚባል ነገር አያይም። ይሄኛው ሐሳብ ደስ አሰኛት፤ በጣም ደስ አሰኛት።

ቢሆንም ሮጣ ደረጃው ላይ ደረሰችበት።

«አጋድሞ ሊወስደው ነው፣ በኮረኮንች መንገድ። ባለ ቆቡን እንቀይርለትና ነገ ይውሰድ።»

«ሰውየው ሊረከብ ሲል ነው የምትነግሪኝ?»

«አሁን ነዋ የሰማሁት!»

«ሙድ አትያዢብኝ! ቅናት ነው የያዘሽ። እንድዋረድልሽ ነው የምትፈልጊው።»

«አዎ፣ እፈልጋለሁ» አለችው፤ እውነቷን ነበር። «ግን ይወልቃል።»

«ዞር በይ ከፊቴ!» ትከሻዋን በክርኑ ገፍቷት ወረደ።

ስትመለስ ፎቶ አንሺው መኪናውን ሊያስጠጋ ሲወጣ በር ላይ ተላለፉ። ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ቀረች። ተናግራለች፣ አልሰማም፤ የእጁን ያግኝ። ዝም አይነቅዝም ብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

ግን ወንድሟን ታውቀዋለች። ኮምፒውተሩ ሲያምር «እኔ ነኝ» ያለ ሰው፣ ሲበላሽ ቱቦውን ማን እንዳጠፈው ወዲያው ትዝ ይለዋል። ይህም ብቻ አልነበረም። ቱቦው በሥነ ሥርዓት የታጠፈ ቱቦ ነው። በእሱ ግትርነት የተነሳ የቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሲገባ ታያት፤ ይሄ አንገበገባት።

ተነስታ ሶኬቱን ነቀለች። ባልዲውን ከሥር አስጠግታ ታችኛውን ማፍሰሻ ከፈተችው። ውሃው እየተንዶለዶለ መውረድ ጀመረ።

ወንድሟ ካርቶኑን አቅፎ፣ ፎቶ አንሺውን አስከትሎ ገባ። ካርቶኑ ከእጁ ወደቀ።

«ምን እያደረግሽ ነው? አበድሽ?»

ዞር ያለችው ወደ ሰውየው ነው። «ጋሼ፣ እንዲህ ሆኖ ካጋደሙት ቱቦው ይወልቃል። ውሃው ካርድዎን ያቃጥለዋል።»

ፎቶ አንሺው ወንድሟን አየው። «እውነት ነው?»

«እሷ ምን ታውቃለች? ቅናት ነው! ንክች አይልም፣ ጋሼ!»

ልጅቷ ባልዲው ውስጥ የሚወርደው ውሃ እስኪቆም ጠበቀች። ከዚያ የላይኛውን ቱቦ በሁለት ጣቷ ይዛ ሳብ አደረገችው። ምንም ሳይታገላት ወጣ።

ወንድሟ ሊበላት እንደሆነ ሁሉ አፍጥጦባታል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲሰድባት እንደሚያድር አውቃለች። ቱቦውን እንዳይጫር ፎጣ ላይ አስተኛችውና ሁለተኛውን መንቀል ጀመረች።