የጥቁሯ ኮሮላ ክቦች

«ከሁለታችሁ ማንኛችሁ ናችሁ?» አሉ ጋሽ ሽመክት።

ፀሐይ ከባሕር ዛፎቹ አናት ላይ ገና ብቅ ማለቷ ነው። ጥቁሯ ኮሮላ ግቢው መሐል ቆማለች። ኮፈኗ ላይ፣ ልክ የፀሐይዋ ምስል ባረፈበት ዙሪያ፣ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠኑ ጭረቶች ክብ ሠርተው ይዞራሉ። ሰርክአዲስ አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል ስታደርግ ክቦቹም ወደ ግራ ይሄዳሉ፤ ወደ ቀኝ ስትመልስ ተከትለዋት ይመጣሉ። አባቷ ጋሽ ሽመክት በንዴት ጦፈው እሷ ግን፣ ፈጣሪ ይቅር ይበላትና፣ «ሲያምሩ!» እያለች በሐሳብ ሄዳለች። ልማዷ ነው። መምህሮቿ እንኳ «የሰርክአዲስ አካሏ እንጂ ልቧ ክፍል ገብቶ አያውቅም» ይላሉ።

«በምን ፈተጋችኋት? በአሸዋ ነው? በሽቦ ነው? ተናገሩ እንጅ!»

ጋሽ ሽመክት ዕድሜያቸውን በሰው አይሱዙ ላይ ጨርሰው በስተመጨረሻ የገዟት መኪና ይህች ናት። ጥር በመጣ ቁጥር አበባና ሪባን ለብሳ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ሙሽራ ታመላልሳለች። ትናንት ግን አንድ ሚዜ ለሠርግ ሊከራያት መጥቶ፣ በፀሐይ ዙሪያዋን አየና «ጋሽ ሽመክት፣ ድመት ቧጥጣታለች እንዴ?» ብሎ እየሳቀ ሄደ። ያ ሳቅ እስካሁን ከጆሯቸው አልወጣም።

መኪናዋን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያጥቧት ሰርክአዲስና ማናለብሽ ናቸው። ማናለብሽ ከግምጃ ቤት ከተማ ወዲያ ካለች የገጠር ቀበሌ ለትምህርት መጥታ እነሰርክአዲስ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ሁለቱ አንድ ክፍል ይማራሉ፤ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ፤ አንድ ባልዲ ይሸከማሉ።

ሰርክአዲስ በሽቦም በአሸዋም አልፈተገችም። ግን ያለፈው ቅዳሜ ማለቅለቁን ለማናለብሽ ትታ ደመና ስታይ ነበር። «እሷ ትሆን እንዴ?» ብላ ወደ ጓደኛዋ ሰረቅ አድርጋ አየች።

«እኔ ነኝ፣ ጋሽ ሽመክት» አለች ማናለብሽ። «በጆንያ ቁራጭ ፈትጌያት ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ጋሽ ሽመክት ቢቆጡም ሰው የሚያዋርዱ ሰው አይደሉም።

«ወሩ ሲያልቅ ሌላ ቤት ፈልጊ» አሉ ቀስ ብለው። ቢጮኹ ይሻል ነበር።

ወሩ የሚያልቀው ደግሞ የመንፈቁ ፈተና ሊጀመር ሲል ነው። እሱም ብቻ አይደለም። የማናለብሽ አባት ልጃቸውን ከተማ ያስቀመጧት ጋሽ ሽመክትን ስለሚያውቁ፣ በእሳቸው ስለተማመኑ ነው። ከዚህ ግቢ ወጣች ማለት ከትምህርቷም ወጣች ማለት ነው። ይህን ሰርክአዲስ ታውቃለች፤ ማናለብሽም ታውቃለች።

ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በመንገዳቸው ካለው ድልድይ ደረሱ። ከድልድዩ ላይ ሰርክአዲስ መታገሥ አቃታት።

«ግን ምን ሁነሽ ነው በጆንያ የፈተግሽው?»

«እኔ? በጆንያ?» ማናለብሽ ቀጥ ብላ ቆመች። «አብደሻል እንዴ? አንች አይደለሽ የፈተግሽው!»

«እኔማ አይደለሁም!»

«በማርያም?»

«በማርያም!»

ተያዩ። መጀመሪያ ሳቁ ቀደማቸው፤ ሆዳቸውን ይዘው የድልድዩን ብረት ተደግፈው ሳቁ። ያለፈ ባጃጅ ሁሉ ዞር ብሎ አያቸው። ከዚያ ሳቁ በአንድ ጊዜ ጠፋ።

«ታዲያ ለምን ዋሸሽ?» አለች ሰርክአዲስ።

«አንች መስለሽኝ ነዋ! ፊትሽ እኮ አመድ መስሎ ነበር።» ማናለብሽ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «እኔ ሌላ ቤት አገኛለሁ፤ አንች ግን ሌላ አባት አታገኚም።»

«ሌላ ቤትማ አታገኚም። አባትሽ ይወስዱሻል።»

«አታካብጅ።» ማናለብሽ ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች።

«ነይ አሁን ሄደን እንንገራቸው።»

«ምን ብለን? ጧት ‹እኔ ነኝ› ብዬ ማታ ‹አይደለሁም› ልበል? ሼም ነው። ደግሞስ እኔ ካልሆንኩ፣ አንች ካልሆንሽ፣ ማን ነው ሊሉን ነው?»

ሰርክአዲስም የምታስበው ይህንኑ ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እንጅባራ ላይ ግን ንጋትም ቢሆን አይቸኩልም፤ ጉሙ እስኪለቀው ድረስ ጋቢውን ተከናንቦ ይቆያል። ሰርክአዲስ በማግስቱ የነቃችው በእንዲህ ያለ ንጋት ነው። በሕልሟ ዘንገና ዳር ቆማ ነበር፤ ሐይቁ ጥቁር፣ ዝም ያለ፣ መሐሉ ላይ ግን አንድ ሰው በእጁ ውሃውን ቀስ አድርጎ ያማስለዋል። ዓይኗን ከገለጠች በኋላም የማማሰሉ ድምፅ አልቆመም።

ሽ... ሽ... ሽ...

ይህን ድምፅ ሁልጊዜም ትሰማዋለች። በእንቅልፍና በመንቃት መካከል ሆና ስለምትሰማው የንጋት የራሱ ድምፅ ይመስላት ነበር። አሁን ብድግ ብላ በመስኮቱ አየች።

አባቷ ናቸው። በጉሙ ውስጥ ጎንበስ ብለው፣ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ፣ መኪናዋን በደረቁ ይወለውላሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው እየደገሙ ነው። አንድ ስንኝ፣ አንድ ዙር። እጃቸው ኮፈኑ ላይ ይዞራል፣ ይዞራል፣ እንደገና ይዞራል። ፊታቸው ላይ ቀን ቀን የማይታይ ለስላሳ ነገር አለ። ሰርክአዲስ ብርዱን ረስታ ቆማ ቀረች። አባቷን እንዲህ ደስ ብሏቸው አይታቸው አታውቅም።

ቤተ ክርስቲያን ለመሳም ሲወጡ ጠብቃ ወደ ግቢው ወረደች። ያልተወለወለውን የመኪናዋን በር ታች በጣቷ ጠረገችው። ሌሊቱን ሙሉ ከአዲስ ቅዳም ከተማ ከሰል ጭነው በአስፋልቱ የሚያልፉ መኪኖች ያቦነኑት አቧራ ነው። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሐል አሸችው። እንደ ዱቄት የላመ ይመስላል እንጂ ውስጡ ይኮረኩራል።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት። አባቷ አጭር ናቸው። በርጩማ ላይ ወጥታ የጣሪያውን አቧራ በውሃ አለቀለቀች፤ ጉሙ ገፎ ፀሐይ እስክትወጣም እዚያው ላይ ጠበቀች።

የጣሪያው መሐል የሌላ መኪና ይመስል ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እሷና ማናለብሽ በርጩማ እየወጡ ያጥቡታል፤ የአባቷ እጅ ግን አይደርስበትም። አንድም ክብ የለበትም። ፀሐይዋ ብቻዋን ቆማለች፤ አንዲት ትንሽ ደመና ሳትቸኩል በላዩ ላይ አለፈች። ሰርክአዲስ ከበርጩማው ወርዳ ወደ ጓደኛዋ ክፍል ሮጠች።

ማናለብሽን ደብተሮቿን ካርቶን ውስጥ ስትከት አገኘቻት። ያየችውን ሁሉ ነገረቻት። ማናለብሽ የያዘችውን ደብተር ካርቶኑ ውስጥ ከተተች።

«ተያቸው» አለች።

«ምን?»

«አትንገሪያቸው። እየጸለዩ እኮ ነው የሚወለውሏት። ‹በገዛ እጅዎ አበላሿት› ይባላል? አባት እኮ ናቸው!»

«አንችስ?»

«እኔንማ እግዜር ያውቃል።» ማናለብሽ ዞር ብላ ካርቶኑን በገመድ ማሰር ጀመረች። ገመዱን ስትቋጥር «ኬሚስትሪ ደብተሬን መልሽልኝ፣ እንዳትረሽው» አለች። በዚህ ተራ ነገር ላይ ድምጿ ተሰበረ።

ያን ቀን ሰርክአዲስ የክፍሉን መስኮት ስታይ ዋለች። ነገሩን በሐሳቧ ደጋግማ ሠራችው። በአንዱ ሐሳቧ አባቷ ይስቃሉ፤ በሌላው ይቆጣሉ። በጣም ያስፈራት ግን ሦስተኛው ነበር፤ አባቷ ምንም ሳይሉ ነጠላውን አጣጥፈው ያስቀምጣሉ፣ ከዚያ በኋላ ማለዳ ማለዳ አይነሡም። አልቅሺ አልቅሺ አላት። በገመድ የታሰረውን ካርቶን ስታስብ ግን ያኛው ፍርሃት ያንስባታል።

በማግስቱ ድምፁ ከመጀመሩ በፊት ግቢ ወጥታ ጠበቀቻቸው። ጋሽ ሽመክት ነጠላቸውን ይዘው ሲመጡ ደነገጡ።

«ምነው ልጀ? አመመሽ?»

«አላመመኝም። አባየ፣ ዛሬ መኪናዋን ሳይነኩ ፀሐይ እስክትወጣ አብረውኝ ይቀመጡ።»

«ፀሐይ እስክትወጣ? ሥራ ፈት መሰልኩሽ?»

«እባክዎ።»

ፊቷን አይተው እሺ አሉ። ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጋሽ ሽመክት ጋቢያቸውን ገልጠው ግማሹን አለበሷት። ጉሙ በዛፎቹ መሐል ሲሄድ ሁለቱም አዩት። «እኔ ልጅ ሳለሁ» አሉ ድንገት፣ «ይህ ጉም ሰው ይዞ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር።» ሰርክአዲስ አባቷ ልጅ ሳሉ እንደሷ ነበሩ ማለት ነው ብላ ተገረመች። እንዲህ ባለ ሰዓት የምትናገረውን መናገር የባሰ ከበዳት።

ፀሐይዋ ወጣች። ሰርክአዲስ በርጩማውን አስጠግታ እጃቸውን ያዘችላቸው።

«ይውጡና ጣሪያውን ይዩት።»

ወጡ። ጣሪያውን አዩ። ከዚያ ሲወርዱ ወደ ኮፈኑ ሄዱና በክቦቹ ላይ ጎንበስ አሉ። ነጠላ የያዘ እጃቸውን ቀለሙን ሳያስነኩ በአየር ላይ አንዴ አዞሩት። ዙሩ ከክቡ ጋር ገጠመ።

«ጨርቁ እኮ ነጠላ ነው» አሉ። ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ነበር።

«ጨርቁ አይደለም አባየ። የከሰል መኪኖቹ አቧራ ነው። በደረቁ ሲወለወል ይቧጥጣል። መጀመሪያ ውሃ ቢፈስበት ምንም አይሆንም። ያለውንም ጭረት ባሕር ዳር በፖሊሽ የሚያጠፉ አሉ ይላሉ፤ ስልክ ላይ አየሁ።» ስትፈጥን ትንፋሽ አጠራት። «መወልወልዎን እንዲተዉ አይደለም የምነግርዎ። አባየ፣ እንዲተዉ አልፈልግም።»

ጋሽ ሽመክት ለመኪናዋም ለፖሊሹም ግድ ያላቸው አልመሰሉም። ዓይናቸው ግቢው ጥግ ወዳለችው የማናለብሽ ክፍል ሄዶ ነበር።

«ታዲያ ያች ልጅ ‹እኔ ነኝ› ያለችው ምን ሁና ነው?»

«እኔ መስያት ነው። ከእርስዎ እንዳልጣላ ብላ።»

ጋሽ ሽመክት ነጠላዋን አራገፏት። ከውስጧ የወጣው ጥቁር አቧራ በፀሐይዋ ውስጥ ተንሳፈፈ። አቧራው ሁሉ እስኪወርድ ቆመው አዩት።

«ነቅታለች?»

«ልጥራልዎት?»

«የለም» አሉ። «እኔው እሄዳለሁ።»

ጋቢያቸውን አስተካክለው ግቢውን አቋረጡ። ከበሩ ፊት ሲደርሱ ቆሙና ኮፍያቸውን አወለቁ። ጉሮሯቸውን ጠራርገው ሳል አሉ፤ እንደ እንግዳ። ከውስጥ ካርቶን ሲጎተት ተሰማ፤ በሩም ገርበብ አለ።

ሰርክአዲስ አባቷ ምን እንደሚሉ ለመስማት ጆሮዋ ቆሞ ነበር። በሕይወቷ እንደዚህ መስማት የፈለገችው ነገር የለም። ግን ጀርባዋን ሰጠቻቸው፣ ባልዲውን አንሥታ ወደ ቧንቧው ሄደችና እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ውሃው ባዶው ባልዲ ውስጥ ሲንጎደጎድ ከዚያ ወዲያ የሁለቱ ድምፅ አልተሰማትም።